ለጎሪላዎቹ ሐኪም ምስጋና፣ ለቡና ጠጪዎችም ጥቆማ

ሰው ጎበዝ ቧንቧ ሠራተኛ ሲያገኝ በዚህ ገጽ ላይ ወጥቶ ያመሰግናል። መኪናውን ሳያጭበረብር የሠራለትን መካኒክ፣ ልጁን ከፍ ያደረገለትን አስጠኚ ይጠቁማል። ጥሩ ልማድ ነው፤ እኔም ብዙ ጊዜ ተጠቅሜበታለሁ። ዛሬ ተራው የኔ ነው። የማመሰግናቸው ሰው ግን ሰፈራችን ውስጥ የሉም። ኡጋንዳ ነው ያሉት። ዶክተር ግላዲስ ካሌማ-ዚኩሶካ ይባላሉ። የጎሪላ ሐኪም ናቸው።

"ጎሪላ ከኛ ጋር ምን አገናኘው?" የምትሉ ትኖራላችሁ። ትንሽ ታገሱኝ፤ ቡናም አለበት። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

እኔ የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ወረዳ ላይ ነው የምሠራው። ሙያው ውስጥ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ "ዶክተር ናት" ሲባል ሰው ብድግ ብሎ ይጨብጣል፤ "የእንስሳት" የሚለው ሲጨመርበት ተመልሶ ይቀመጣል። ሴት ስትሆኚ ደግሞ ይብሳል። በሬ የምትጥይበት ጉልበት ይገመገማል። አንዷ አክስቴ እስካሁን "የላም ዶክተር" ነው የምትለኝ። ወገቧን ሲያማት ግን መጀመሪያ የምትደውለው ለኔ ነው።

እንግዲህ የዶክተር ግላዲስን ስም የሰማሁት ቢሾፍቱ ተማሪ ሳለሁ ነው። መምህራችን ስለ እከክ እያስተማሩን ነበር። እከክ አሰልቺ ትምህርት ነው። ፍየሉ ያካል፣ ጸጉሩ ይረግፋል፣ ቆዳው ይወፍራል፣ አይቨርሜክቲን ትወጊዋለሽ፣ አለቀ። ግማሹ ክፍል እያንቀላፋ ሳለ መምህራችን "ጎሪላም እከክ ይይዘዋል፤ ከሰው ልብስ ነው የሚይዘው" አሉ። ሁላችንም ነቃን።

ነገሩ የሆነው በ1996 ነው። ዶክተር ግላዲስ ገና በ20ዎቹ አጋማሽ ላይ ነበሩ። ለንደን ከሚገኘው ሮያል ቬተርነሪ ኮሌጅ በ1995 ተመርቀው አገራቸው ተመለሱ፤ ለኡጋንዳ ብሔራዊ ፓርኮችም የመጀመሪያዋ የዱር እንስሳት ሐኪም ሆነው ተቀጠሩ። ከሳቸው በፊት በቦታው ላይ የነበረ ሰው የለም። ማንን ይጠይቁ? ብዙም ሳይቆዩ ከብዊንዲ ጫካ ሪፖርት መጣ። ጎሪላዎቹ ጸጉራቸው እየረገፈ ነው፤ ቆዳቸው ነጭ ቅርፊት አውጥቷል።

ብዊንዲ ደቡብ ምዕራብ ኡጋንዳ ውስጥ፣ ከኮንጎ ድንበር አጠገብ ያለ ተራራማ ጫካ ነው። 330 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይሰፋል። ከተራራ ጎሪላዎች ግማሽ የሚጠጉት የሚኖሩት እዚያ ነው። ከጫካው ውጭ ያለው መሬት ግን እስከ ጥጉ ታርሷል። ሙዙ፣ ሻዩ፣ ባቄላው ከጫካው ጋር ገጥሟል፤ መሀል ላይ አጥር የለም። ጎሪላው ሙዝ ሲያምረው ወጥቶ ይበላል።

አሁን ዶክተር ግላዲስ ያደረጉትን ተመልከቱ። አንዲት የሰው ሐኪም ጓደኛቸውን "በአካባቢው ሰዎች ላይ የሚበዛው የቆዳ በሽታ ምንድን ነው?" ብለው ጠየቁ። መልሱ እከክ ሆነ። ጎሪላ እና ሰው 98 በመቶ ያህል በዘር ቅንጣት ይመሳሰላሉ፤ ሰውን የሚይዘው ጎሪላን አይምርም። ሲመረመር እውነትም እከክ ሆኖ ተገኘ። መድኃኒቱ ያው የምናውቀው አይቨርሜክቲን ነው። አንድ ግልገል ሞተ። ሌሎቹ ዳኑ።

ከየት መጣ? ገበሬው እርሻው ውስጥ አራዊት እንዲያባርርለት አሮጌ ልብስ የለበሰ ማስፈራሪያ ያቆማል። ያ ልብስ የቤተሰቡ ውላቂ ነው። ሳሙና በሌለበት፣ ውሃ ከሩቅ በሚቀዳበት ቤት የተለበሰ። ጎሪላ ደግሞ አዲስ ነገር ካየ ሳይነካ አያልፍም።

ይህን ታሪክ ወድጄ የማወራው ለዚህ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን "ጎሪላዎቹ ድነዋል፣ ሪፖርቱ ይዘጋ" ይል ነበር። መሥሪያ ቤት ያለ ሰው ሁሉ ይህን ፈተና ያውቀዋል። እሳቸው ግን ከጎሪላው አልፈው ወደ ልብሱ ባለቤት ሄዱ። ሰውዬው እከክ እስካለበት ድረስ ጎሪላው ይታመማል። ስለዚህ ጎሪላውን ማከም ማለት ሰውዬውን ማከም ማለት ነው። ቀላል ነገር ይመስላል። ግን በዚያ ዘመን የዱር እንስሳ ጥበቃ ማለት በአብዛኛው ጠመንጃ የያዘ ዘበኛ እና "አትግባ" የሚል ጽሑፍ ነበር።

ስለ ሕይወታቸው ትንሽ ልበል። በ1970 ካምፓላ ተወለዱ። አባታቸው ዊልያም ካሌማ ሚኒስትር የነበሩ ሰው ናቸው፤ በ1972 በኢዲ አሚን ዘመን ተይዘው ተገደሉ። ዶክተር ግላዲስ የሁለት ዓመት ሕፃን ነበሩ፤ የቤቱ የመጨረሻ ልጅ። እናታቸው ሮዳ ካሌማ ስድስት ልጆች ይዘው ቀሩ። በኋላ እሳቸውም ከኡጋንዳ ቀደምት ሴት ፖለቲከኞች አንዷ ሆኑ። እንዲህ ዓይነት ቤት ያደገ ልጅ ጠበቃ ወይም ፖለቲከኛ ይሆናል ብላችሁ ትገምታላችሁ። ይቺ ልጅ ግን ውሻና ድመት ስታክም አደገች። ኪቡሊ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳሉ ተዳክሞ የነበረውን የዱር እንስሳት ክበብ አነሱት፤ ተማሪዎቹንም ይዘው ፓርክ ጎበኙ። የኛ ትምህርት ቤቶች ክበብ ብዙውን ጊዜ ወረቀት ላይ ነው የሚቀረው፤ ለክበብ ተጠሪ መምህራን ይህን በጨዋነት አስታውሳለሁ።

ከእከኩ በኋላ አሜሪካ ሄደው ሰሜን ካሮላይና ውስጥ በዱር እንስሳት ሕክምና ስፔሻላይዝ አደረጉ። ጥናታቸውም ሰው፣ ከብትና የዱር እንስሳ በሚገናኙበት ቦታ ስለሚተላለፍ የቲቢ በሽታ ነበር። እዚያው መቅረት ይችሉ ነበር፤ ስንቱ ቀርቷል። በ2003 ከባለቤታቸው ሎውረንስ ዚኩሶካ እና ከስቲቨን ሩባንጋ ጋር "ኮንሰርቬሽን ስሩ ፐብሊክ ኸልዝ" የሚባለውን ድርጅት አቋቋሙ። የሕዝብን ጤና እየጠበቁ ተፈጥሮን መጠበቅ ነው ሥራው። የሚገርመው እኛም አገር የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም የተጀመረው በዚያው በ2003 ነው። ቤት ለቤት እየዞሩ ስለ ጤና የሚያስተምሩትን የነሱን በጎ ፈቃደኞች ሳይ ያልገረመኝ ለዚህ ይሆናል፤ ሥራው የእህቶቻችን ሥራ ነው፣ ጎሪላ ተጨመረበት እንጂ።

በጎ ፈቃደኞቹን በዓይኔ ያየሁት ለሥልጠና ኡጋንዳ በተላክሁ ጊዜ ነው። ቡሆማ በምትባለው መንደር፣ ጫካው ጫፍ ላይ፣ ድርጅቱ የጎሪላ ጤና ማዕከል አለው። ከካምፓላ በመኪና ሙሉ ቀን ነው። መንገዱ የኛን የደጋ መንገድ ያስንቃል፤ ወገባችሁን የሚያማችሁ ከሆነ አክስቴን አማክሩ።

አንዲት በጎ ፈቃደኛ እናት ተከትለን አንድ ቤት ገባን። በእጇ ሥዕል ያለበት ትልቅ ተገላባጭ ወረቀት ይዛለች። አንዱ ገጽ ላይ የሚያስል ሰው፣ ቀጥሎ እጅ የሚታጠብ ልጅ፣ ቀጥሎ ነፍሰ ጡር ሴት፣ ቀጥሎ ሙዝ እርሻ ውስጥ የቆመ ጎሪላ። ስለ ሳል ጀምራ፣ ስለ ቤተሰብ ምጣኔ አውርታ፣ ጎሪላ እርሻ ከገባ ምን መደረግ እንዳለበት ነግራ ጨረሰች። አንድም ቦታ ላይ "አሁን ደግሞ ወደ ሌላ ርዕስ" አላለችም። ለሷ አንድ ርዕስ ነው። ከዚያ ወደ ጓሮ ወጥታ የመጸዳጃ ቤቱን ክዳን አነሳች፤ አየች፤ መዘገበች። ከመጸዳጃው አጠገብ ትንሽ ጀሪካን በገመድ ተንጠልጥላለች። ከታች ያለውን እንጨት በእግር ስትረግጡት ጀሪካኗ ታዘነብላለች፣ እጅ ሳይነካት ውሃ ይወርዳል። ሳሙናው በክር ታስሮ ተሰቅሏል። እኛም አገር አለች ይቺ ጀሪካን፤ ብዙ ቦታ ግን ጉብኝት ሲኖር ነው ውሃ የሚሞላባት። እዚያ ቤት የነበረችው ከሥሯ ያለው አፈር ጭቃ ነበር። በየቀኑ እየታጠቡባት ነው ማለት ነው።

እነዚህ በጎ ፈቃደኞች ደመወዝ የላቸውም። ታዲያ እንዴት አይሰለቻቸውም? በቡድን ፍየልና ላም ይሰጣቸዋል፤ አርብተው ይካፈላሉ። ቁጠባም አላቸው፤ የኛን ዕቁብ የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይገባዋል። ለኔ ለእንስሳት ሐኪሟ ይህ ከሁሉ በላይ ጣፈጠኝ። በአበል የሚሠራ ሥራ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ አብሮ ያልቃል። ፍየል ግን ትወልዳለች።

ውጤትም አለው። ድርጅቱ በሚሠራባቸው ቀበሌዎች የቤተሰብ ምጣኔ ተጠቃሚ ሴቶች ከ20 በመቶ አካባቢ ተነስተው ከ60 በመቶ በላይ ሆነዋል። ጎሪላ ጥበቃ ውስጥ የወሊድ መቆጣጠሪያ ምን ይሠራል የሚል ሰው አይጠፋም። መሬቷ እፍኝ የምታህል እናት አሥር ልጅ ይዛ ጫካውን ለእንጨትና ለሥጋ ካልገባችበት ምን ታብላቸው?

ወደ ማዕከሉ ቤተ ሙከራ ደግሞ ስንገባ እኔ ቤቴ የገባሁ ያህል ነው የተሰማኝ። ሽታውን ጨምሮ። ጎሪላ ማታ ማታ አዲስ መኝታ ከቅጠልና ከቅርንጫፍ ይሠራል፤ ጠዋት ጥሎት ይሄዳል፣ እዚያው ኩሱን ትቶ። ዱካ ተከታዮቹ ያንን ሰብስበው በብልቃጥ ያመጣሉ። ከየትኛው ቤተሰብ፣ ከየትኛው መኝታ እንደሆነ ይጻፍበታል። አውራው ወንድ ለብቻው፣ እናትና ልጅ ለብቻቸው። ከዚያ ማይክሮስኮፕ ሥር ይገባል። እንስሳውን ሳይነኩት፣ ሳያደነዝዙት፣ ሳያስደነግጡት ጤናውን ያውቃሉ። ከመንደሩ ከብቶችም ይመረምራሉ፤ አንዱ ጥገኛ ተህዋስ ላሙም ጋ፣ ሰውየውም ጋ፣ ጎሪላውም ጋ ከተገኘ መንገዱ ይገኛል። አብረውን የነበሩት የሌላ ሙያ ሰዎች አፍንጫቸውን ይዘው ወጡ። እኔን በግድ ነው ያስወጡኝ።

ዶክተር ግላዲስን ራሳቸውን አላገኘኋቸውም፤ በዚያ ሳምንት ጉዞ ላይ ነበሩ። እንዲያውም ደስ አለኝ። እሳቸው በሌሉበትም ሥራው ይሠራል።

ወደ አገራችን ልመልሳችሁ። ባሌ ተራሮች ላይ ያለችው ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የለችም። በጠቅላላው 500 አትሞላም። ዋና ገዳይዋ ጥይት አይደለም። የእብድ ውሻ በሽታ ነው፤ የሚያመጣባትም የእረኛው ውሻ ነው። በ2003 በተነሳው ወረርሽኝ ዌብ ሸለቆ ከነበሩት ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉ አለቁ። ዓመታት ሙሉ የመንደር ውሻ እየዞሩ የሚከትቡ ባልደረቦቻችን አሉ። ብርድ ነው፣ ፈረስ ላይ ነው፣ ውሻው ይናከሳል። ስማቸውን ማንም አያውቀውም። ምስጋናዬን ለነሱም አካፍሉልኝ። ዶክተር ግላዲስ በእከክ ያዩትን እነሱ በየቀኑ ያዩታል።

ከዚያ ኮቪድ መጣ። በ2020 ቱሪስት ጠፋ፤ የአካባቢው ገቢም አብሮ ጠፋ። ሰው ወደ ወጥመድና ጦር ተመለሰ። በጁን ወር ንኩሪንጎ የሚባለው የጎሪላ ቤተሰብ መሪ የነበረው ራፊኪ የተባለው አውራ ጎሪላ ተገደለ። ገዳዩ ሌላ አውሬ ሊያድን የገባ ሰው ነው፤ 11 ዓመት ተፈረደበት። ፍርዱ ይገባዋል። ግን ዶክተር ግላዲስ ከፍርዱ ይልቅ ረሃቡ ላይ ነው የሠሩት። ድርጅታቸው ቶሎ የሚደርስ የምግብ ሰብል ዘርና ችግኝ ለቤተሰቦች አከፋፈለ። ጎብኚም ዘበኛም ማስክ እንዲያደርግ፣ ከጎሪላው የሚጠበቀውም ርቀት ከ7 ሜትር ወደ 10 ሜትር ከፍ እንዲል ከገፉት ሰዎች መሀል ናቸው።

የተራራ ጎሪላ ቁጥር በ1980ዎቹ መጨረሻ ከ650 በታች ነበር። ከ2015 እስከ 2018 በተደረጉት ቆጠራዎች 1,063 ደርሷል። ብዊንዲ ከአጎራባቹ የኮንጎ ጫካ ጋር 459 ተቆጥሯል። ይህ የአንድ ሰው ሥራ አይደለም፤ ዘበኛው፣ ዱካ ተከታዩ፣ ሩዋንዳና ኮንጎ ያሉት ሁሉ አሉበት። ሽልማት ግን ብዙ አግኝተዋል፤ በ2021 የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም "የምድር ጀግና" ብሏቸዋል።

ሁሉም ማር ነው አልልም። በ1991 ብዊንዲ ብሔራዊ ፓርክ ሲሆን ባትዋ የሚባሉት፣ ጫካውን ቤታቸው አድርገው የኖሩ ሕዝቦች፣ ያለ በቂ ካሳ ወጥተዋል። እስከዛሬም ብዙዎቹ መሬት የላቸውም። ዶክተር ግላዲስ ሥራ የጀመሩት ከዚያ በኋላ ነው፤ ድርጅታቸውም በባትዋ መንደሮች ይሠራል። ነገር ግን ብዊንዲ የሚሄድ ሰው ጎሪላ ብቻ አይቶ፣ ይህን ሳያውቅ ቢመለስ ደስ አይለኝም።

አሁን ወደ ቡናው። ኡጋንዳ በብዛት የምታመርተው ሮቡስታ ነው፤ ብዊንዲ ዙሪያ ያለው ከፍታ ግን አረቢካ ያበቅላል። ገበሬዎቹ ግን ለደላላ በርካሽ ሲሸጡ ኖረዋል። ቡናው ካላበላ ሰው የት ይሄዳል? ጫካ። ስለዚህ በ2015 በዶክተር ግላዲስ አማካይነት "ጎሪላ ኮንሰርቬሽን ኮፊ" የሚባል ድርጅት ተቋቋመ። ለገበሬው ከገበያው ዋጋ በላይ በኪሎ ግማሽ ዶላር ይጨምራል፤ ከእያንዳንዱ ከረጢት ሽያጭም የተወሰነው ለጎሪላና ለመንደር ጤና ሥራው ይሄዳል። አንደኛው ቡና በካኞኚ ስም ነው የሚሸጠው፤ ካኞኚ በ2017 የሞተ፣ ሙባሬ የሚባለው የጎሪላ ቤተሰብ አውራ ነበር። በኡጋንዳ መጀመሪያ ሰው የለመደው የጎሪላ ቤተሰብ የሱ ነው።

ጣዕሙስ? ኢትዮጵያዊ ነኝ፤ ሌላ አገር ቡና ሲቀርብልኝ ፊቴን እንዴት እንደማደርግ ታውቃላችሁ። ኢንቴቤ ያለው ካፌያቸው ገብቼ አዘዝኩ። ይርጋጨፌን አይተካም፤ ሲዳማን ለመዳ የኖረች ምላስ ቶሎ አትታለልም። ግን ንጹሕ ቡና ነው። መራራ አይደለም፣ አፍ ላይ ለስለስ ይላል። ሁለተኛ አዘዝኩ፤ ከኔ አፍ ከዚህ በላይ ምስጋና የለም። ዋጋው ከተራው ቡና ወደድ ይላል። ለማን እንደሚሄድ ስላየሁ አልቆረቆረኝም። ዕጣንና ፈንዲሻ ብቻ ነው ያነሰው።

ወደ ኡጋንዳ ለምትሄዱ። ከአዲስ አበባ ኢንቴቤ ሁለት ሰዓት ያህል በረራ ነው፤ ካፌው ለመንገደኛ ይመቻል። ጎሪላ ማየት ከፈለጋችሁ ፈቃዱን ከኡጋንዳ ዱር እንስሳት ባለሥልጣን አስቀድማችሁ ያዙ። ለውጭ ቱሪስት 800 ዶላር ነው፤ ውድ ነው፣ አውቃለሁ። ለአፍሪካውያን የሚቀንስ ታሪፍ ስላለ ፓስፖርታችሁን አሳዩና ጠይቁ። በአንድ ቤተሰብ በቀን ስምንት ጎብኚ ብቻ፣ ለአንድ ሰዓት ብቻ ይፈቀዳል፤ ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ አይገባም። ጉንፋን ከያዛችሁ እባካችሁ ቀሩ። "ትንሽ ነው፣ አለፈልኝ" አትበሉ፤ ለናንተ ትንሽ የሆነ ሳል ለጎሪላ ግልገል ሞት ነው። ቡሆማ ላይ ደግሞ ሻንጣ ተሸካሚ ቅጠሩ፣ ቦርሳችሁ ባዶም ቢሆን። ዳገቱ ላይ የሚጎትታችሁ እጅ ያስፈልጋችኋል፤ ብሩም መንደሩ ውስጥ ይቀራል።

የማትሄዱት፣ ዱባይ፣ ለንደን ወይ ዋሽንግተን ያላችሁ፣ ቡናውን በኢንተርኔት ስሙን ጽፋችሁ ፈልጉት። የእንስሳት ሕክምና ተማሪ የሆናችሁ እህቶቼ ደግሞ የዶክተር ግላዲስን ንግግሮች ፈልጋችሁ ስሙ። ፈተና ላይ አይመጣም፤ ግን ስሙት።

ዶክተር ግላዲስ፣ አማርኛ አያነቡም። ቢሆንም እግዜር ይስጥልን። ዕድሜና ጤና ይስጥዎት። ቡሆማ ያሉትን በጎ ፈቃደኞችም፣ ያቺን ጀሪካን በየቀኑ የምትሞላዋን የቤት እመቤትም አመሰግናለሁ።

በቅርቡ ከኢንቴቤ የምትመለሱ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ግማሽ ኪሎ የተፈጨ አምጡልኝ፤ ገንዘቡን ቦሌ ድረስ መጥቼ እሰጣለሁ። አክስቴም ቅመሺው ልላት ነው።